አድሶርፕሽን ምንድን ነው? ቀለሙስ የት ይገባል?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ካይቶሳን የጨርቃጨርቅ ቀለምን በልቶ ያጠፋል፤ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ዱቄቱን ማሳ ላይ መበተን ነው» ብሎ ጻፈ። ኧረ በናታችሁ!

ካይቶሳን ምንም አይበላም። ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት የሚወጣውን ካይቲን በጠንካራ ኮስቲክ ሶዳ በመቀቀል የሚገኝ ፖሊመር (ረጅም ሰንሰለት የሆነ ሞለኪውል) ነው። ቀለሙ ከውሃው ወጥቶ ገጹ ላይ ይጣበቃል። አድሶርፕሽን ይኸው ነው። ቀለሙ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ሚኒባስ አስቡ። ወንበሩ የካይቶሳኑ አሚን (ሰንሰለቱ ላይ ያለ ናይትሮጅን የያዘ ክፍል) ነው፣ ተሳፋሪው ቀለሙ። ውሃው አሲዳማ ሲሆን አሚኑ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይይዛል፤ ኔጋቲቭ የሆነው ሪአክቲቭ ቀለም (ከጥጥ ጋር በኬሚካል የሚተሳሰረው ዓይነት) ተሽቀዳድሞ ይቀመጣል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ከ6.5 በላይ እየወጣ ሲሄድ ወንበሮቹ ይታጠፋሉ። ጨው ደግሞ ወንበር የሚሻማ ሌላ ተሳፋሪ ነው። ሲሞላ ሞላ ነው፤ ትርፍ መጫን የለም።

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ጥጥ በሪአክቲቭ ቀለም ሲነከር ፒኤቹ 10 ወይም 11 አካባቢ ነው፤ ጨውም በሊትር ብዙ ጊዜ ከ50 ግራም ያልፋል። ጨርቁ ያልያዘው ቀለም ከነሶዳው፣ ከነጨው፣ ከነሙቀቱ ወደ ቱቦ ይወርዳል። «95 በመቶ ተወገደ» የሚባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ላብራቶሪ ውስጥ፣ በተጣራ ውሃ በተበጠበጠ አንድ ቀለም ላይ ነው። ፒኤቹም ለዱቄቱ እንዲመች ተስተካክሎ። አንዳንዱ ሙከራ ደግሞ ሜቲሊን ብሉ በሚባል ቀለም ነው። እሱ ራሱ ፖዘቲቭ ነው፤ ስለ ሪአክቲቭ ቀለም ብዙም አይነግረንም። አሲድ እንጨምር ካላችሁም፣ ክሮስሊንክ ያልተደረገ (ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ያልተሳሰሩ) ካይቶሳን አሲድ ውስጥ ይሟሟል። ሚኒባሱ ከነወንበሩ ቀለጠ ማለት ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። አንድ ፋብሪካ በቀን 1,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ያወጣል፣ በሊትር 50 ሚሊግራም ቀለም አለው እንበል። 50 ኪሎ ቀለም ነው። አንድ ግራም ዱቄት 100 ሚሊግራም ከያዘ 500 ኪሎ ዱቄት ያስፈልጋል። በየቀኑ አምስት ኩንታል! ማታ ላይ ያ ሁሉ ባለቀለም ጭቃ ሆኖ እጃችሁ ላይ ይቀራል።

አጥቦ መልሶ መጠቀም ይቻላል። በሶዳ ስታጥቡት ተሳፋሪው ይወርዳል፤ ግን መናኸሪያ ደረሰ እንጂ ቤቱ አልገባም። አሁን በትንሽ ውሃ ውስጥ የታጨቀ ወፍራም ቀለም አላችሁ፤ እሱም ሌላ ሕክምና ይፈልጋል። ዱቄቱም በየእጥበቱ አቅሙ ይቀንሳል። ማቃጠልም አለ፤ ነገር ግን አንዳንድ ቀለሞች መዳብ ወይም ክሮም ስላላቸው ብረቱ አመዱ ውስጥ ይቀራል። ሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ስለሌለው እዚያ ያለው ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሽ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ተደርጎ ነው የተሠራው። እንዲያም ሆኖ ከውሃው የወጣው ነገር ዝቃጭና ጨው ሆኖ ቁጭ ይላል።

ወደ ማሳው እንመለስ። ካይቶሳን አፈር ውስጥ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስ የያዘውን ይለቃል። ብዙዎቹ የጨርቅ ቀለሞች አዞ (azo፤ ሁለት ናይትሮጅን የተሳሰሩበት) የሚባሉት ናቸው። አየር በሌለው እርጥብ አፈር ውስጥ ባክቴሪያ የአዞውን ትስስር ይሰብርና አሮማቲክ አሚን የሚባሉ ኬሚካሎችን ያወጣል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ካንሰር ያመጣሉ። ንጹሕ ካይቶሳን ለእርሻ ይውላል፣ አልክድም። ሪአክቲቭ ብላክ 5 የተባለውን ጥቁር የጨርቅ ቀለም የጫነው ግን ጎመን መደብ ላይ ምን ይሠራል?