በክፍል ውስጥ የማወቅ ጉጉትን ማነሳሳት

የማወቅ ጉጉት ማንም ሳያስገድደን አንድን ነገር እንድናውቅ የሚገፋፋን ፍላጎት ነው። ልጆች ይህን ፍላጎት ይዘው ነው ትምህርት ቤት የሚገቡት። ችግሩ የሚጀምረው ከገቡ በኋላ ነው። ባርባራ ቲዛርድና ማርቲን ሂዩዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እንግሊዝ ውስጥ 30 የአራት ዓመት ሴት ልጆች ቤታቸውና መዋለ ሕፃናት ውስጥ የሚያወሩትን ቀርጸው አወዳድረው ነበር። ውጤቱን ያሳተሙት በ1984 እ.ኤ.አ. ነው (ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው)። ቤት ውስጥ እናታቸውን በጥያቄ የሚያጣድፉት ልጆች መምህሮቻቸውን ግን እምብዛም አይጠይቁም ነበር።

ጉጉት እንዴት ይነሳል ለሚለው ጥያቄ በብዛት የሚጠቀሰው ጆርጅ ሎዌንስታይን የተባለ ተመራማሪ በ1994 ያቀረበው ማብራሪያ ነው። በምናውቀውና ማወቅ በምንፈልገው መካከል ክፍተት እንዳለ ሲሰማን እንጓጓለን ይላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ክፍተቱ እንዲሰማን መጀመሪያ ስለ ጉዳዩ ትንሽ ማወቅ አለብን። ጭራሽ ሰምቶት ስለማያውቀው ነገር ማን ይጓጓል?

ለዚህ ነው መላምት ማስቀደም ጥሩ የሚሠራው። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ይቅረብ፤ አንዱ ንጹህ፣ ሌላው በደንብ ጨው የተቀላቀለበት። የሁለቱም ሙቀት እኩል ይሁን። በረዶ የቱ ውስጥ ቶሎ ይቀልጣል? ተማሪዎቹ ከማየታቸው በፊት ግምታቸውን ከነምክንያቱ ይጻፉ። ጨው በረዶ እንደሚያቀልጥ የሰሙ ልጆች ጨዋማውን መምረጣቸው አይቀርም። ቀድሞ የሚቀልጠው ግን ንጹሁ ውሃ ውስጥ ያለው ነው። ከበረዶው የሚወጣው ቀዝቃዛ ውሃ ንጹሁ ውስጥ ወደ ታች ይሰምጥና ሞቅ ያለው ቦታውን ይይዛል። ጨዋማው ውሃ ግን ከባድ ስለሆነ ቀዝቃዛው ላዩ ላይ ተንሳፍፎ በረዶውን ይከበዋል። በረዶው ቀለም ከተጨመረበት ይህ በዓይን ይታያል። መምህሩ መልሱን ቀድሞ ቢናገር ኖሮ ነገሩ አንድ መስመር ማስታወሻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ቀድሞ መናገር ሌላም ዋጋ ያስከፍላል። ኤልዛቤት ቦናዊትዝና ባልደረቦቿ በ2011 ባሳተሙት ጥናት ለትንንሽ ልጆች ብዙ ነገር የሚሠራ መጫወቻ ሰጡ። አንዱን አሠራር ሆን ተብሎ የተማሩት ልጆች እሱኑ ሲደጋግሙ፣ ሌሎቹ የቀረውንም ሲፈልጉ ታዩ።

ይህ ማለት ግን ተማሪን ብቻውን መተው ማለት አይደለም። ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እንደተከራከሩት፣ ስለ ጉዳዩ መሠረታዊ እውቀት የሌለው ጀማሪ ያለ በቂ ድጋፍ "ራስህ ድረስበት" ሲባል አእምሮው ይጨናነቃል። ግራ ለገባው ልጅ ጉጉት ሳይሆን መሰላቸት ነው የሚተርፈው።

ከሁሉም ርካሹ ዘዴ ዝም ማለት ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጥያቄ ጠይቀው በአማካይ 1 ሰከንድ እንኳ እንደማይጠብቁ አስተዋለች። ጥበቃው ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ "አላውቅም" ቀነሰ፣ ራሳቸው የሚያነሱት ጥያቄም በዛ። 3 ሰከንድ ትንሽ ይመስላል። ክፍል ፊት ለቆመ ሰው ግን ዘላለም ነው።

ሽልማትን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1973 በታተመው የሌፐር፣ ግሪንና ኒዝቤት ሙከራ መሳል የሚወዱ ልጆች ሽልማት እንደሚያገኙ ቃል ተገብቶላቸው ከሳሉ በኋላ በነጻ ጊዜያቸው የመሳል ፍላጎታቸው ቀነሰ። ለጥያቄ ማርክ መስጠትም ተመሳሳይ አደጋ ሊኖረው ይችላል።

ተማሪዎች መጠየቅ ያዋጣ እንደሆነ የሚለኩት ግን የመምህሩን ፊት አይተው ነው። ጥያቄ ያነሳ ልጅ አንዴ ከተሳቀበት ሌላው ሁሉ እጁን ይሰበስባል። "እኔም አላውቅም፣ እንዴት እናጣራው?" የሚል መምህር ክብሩ አይቀንስም። ከርዕሱ የወጣ ጥያቄ ሲመጣና ጊዜ ሲያጥር ሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፎ ማቆየት ይቻላል። ብቻ ተመልሶ መነሳት አለበት፤ ካልተነሳ ልጆቹ ጥጉ የጥያቄ መቅበሪያ መሆኑን ለመረዳት ብዙ አይፈጅባቸውም።