ደብል ስታክ ምንድነው? ሁለት ኮንቴይነር ደርቦ በባቡር መጫን ለምን እንደሚያስቸግር

ባለፈው እዚህ ኮለምበስ ኦሃዮ አዲስ የትራክ መንጃ ያወጣ ልጅ ደወለልኝና «ጋሼ ሲስተሙ ኮንቴይነሩ ደርሷል ይላል፣ የባቡር ግቢው በር ላይ ስደርስ ግን ገና ነው ብለው መለሱኝ፣ ምን ማለት ነው?» አለኝ። በቃ ባቡሩ ደርሷል፣ የሱ ሳጥን ግን ሌላ ሳጥን ተጭኖበት ፉርጎው ውስጥ እንደተቀመጠ ነው፣ የላይኛው ሳይነሳ የታችኛው አይነሳም። ስልክ ላይ ልጨርሰው ስላልቻልኩ ይኸው ከስሩ።

ደብል ስታክ ማለት አንዱን ኮንቴይነር በአንዱ ላይ ደርቦ በባቡር ማጓጓዝ ነው። ባቡሩን ሳታስረዝም እጥፍ ሳጥን ትወስዳለህ። አሜሪካ ውስጥ ሳውዘርን ፓሲፊክ የሚባለው የባቡር ኩባንያ ሲ ላንድ ከሚባለው የመርከብ ኩባንያ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1977 ሞከረው፣ በ1984 ደግሞ አሜሪካን ፕሬዝደንት ላይንስ የሚባለው ሌላ የመርከብ ኩባንያ ከሎስ አንጀለስ ወደ ምስራቅ ቋሚ ደብል ስታክ ባቡር አስጀመረ፣ ከዛ ወዲህ ሌላው ሁሉ ተከተለ። ሰው ግን አስቸጋሪው ሁለተኛውን ሳጥን ማንሳት ይመስለዋል። እሱን ክሬን በደቂቃ ይጨርሰዋል! ችግሩ መንገዱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ፣ ድልድዩም ዋሻውም ከላይ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦም፣ ለአንድ ሳጥን ቁመት ተለክቶ የተሰራ መሆኑ ነው።

ቁመቱን እናስላው። ሃይኪዩብ የሚባለው ረጅሙ ኮንቴይነር 2.90 ሜትር ነው፣ ሁለቱ ሲደረቡ 5.80 ሆነ። ተራ ጠፍጣፋ ፉርጎ ወለሉ ራሱ ከሀዲዱ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፣ እሱ ላይ ብትደርበው ወደ ሰባት ሜትር ሊጠጋ ነው። ስለዚህ ዌል ካር የሚባል ፉርጎ ተሰራ፣ መሀሉ እንደ ገንዳ ጎድጎድ ያለ፣ የታችኛው ኮንቴይነር በጎማዎቹ መሀል ገብቶ ከሀዲዱ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ብቻ ከፍ ብሎ የሚቀመጥበት። እንደዛም ሆኖ ጫፉ 6.15 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የድሮ ዋሻ ደግሞ ጣሪያው ቅስት ነው፣ መሀሉ ቢበቃ እንኳን የኮንቴይነሩ ሁለት ማዕዘን ግራና ቀኝ ይጋጫል፣ ሳጥን ጭንቅላቱ ክብ አይደለማ።

እኛ ጋ ኮለምበስ የሚመጣው መስመር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኖርፎክ ሰዘርን የሚባለው የባቡር ኩባንያ ከቨርጂንያ ወደብ ተነስቶ በዌስት ቨርጂንያ ተራሮች በኩል ወደ ኦሃዮና ቺካጎ የሚሄድ መስመር ነበረው፣ ግን ዋሻዎቹ ዝቅተኛ ስለሆኑ ደብል ስታኩ ዞሮ ከ200 ማይል በላይ ተጨማሪ ይሄድ ነበር። በመጨረሻ 28 ዋሻ አንድ በአንድ ተጠርቦ፣ አንዳንዱ ጣሪያው ማዕዘን ማዕዘኑ እየተቆረጠ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ተከፈተ። ባልቲሞር ደግሞ ይብሳል፣ ሃዋርድ ስትሪት የሚባለው ከ1895 ጀምሮ ያለ የከተማ ስር ዋሻ ለ18 ኢንች ጉዳይ፣ ግማሽ ሜትር እንኳን ለማትሞላ ነገር፣ ወደቡን ስንት አመት ከደብል ስታክ አስቀርቶት በ2025 ለወራት ተዘግቶ ነው ወለሉ የተቆፈረው። ከላይ ከተማ አለ፣ ጣሪያውን ማንሳት ከባድ ነው፣ ስለዚህ በዋናነት ሀዲዱን ዝቅ ማድረግ ነው የቀረው።

ሽቦውስ? አሜሪካ የእቃ ባቡሩ ባብዛኛው በናፍጣ ስለሆነ ከላይ ሽቦ የለም፣ እድለኛ ናቸው። ህንዶች ግን ምዕራቡን የእቃ ኮሪደር በኤሌክትሪክ ስለሰሩት ሽቦውን ወደ 7.5 ሜትር ሰቅለውት፣ እዛ ድረስ የሚደርስ ረጅም ፓንቶግራፍ፣ ማለትም ከሽቦው ኤሌክትሪክ የሚቀበል ክንድ፣ ያለው ሎኮሞቲቭ ይዘው ነው እ.ኤ.አ. በ2021 እዛ ኮሪደር ላይ ደብል ስታክ ያስሄዱት። የሚገርመው እነሱ ዌል ካር ሳይሆን ጠፍጣፋ ፉርጎ ነው የሚጠቀሙት፣ ሀዲዳቸው 1.676 ሜትር ስፋት ስላለው ሚዛኑን ይችለዋል። ስለኛው አዲስ–ጅቡቲም ሰው ይጠይቀኛል። እሱም በኤሌክትሪክ የሚሄድ ስለሆነ ወሬው ከሽቦው ቁመት ነው የሚጀምረው፣ ከፉርጎው አይደለም።

ቁመቱ ቢያልፍ ክብደትና ሚዛን አለ። ከባዱ ከታች ቀላሉ ከላይ ነው፣ ይሄን እቤትህ ቁምሳጥን ላይ ሻንጣ ስትጭንም ታውቀዋለህ። አሜሪካ የፉርጎውና የጭነቱ የስበት ማዕከል አንድ ላይ ተሰልቶ ከሀዲዱ 98 ኢንች እንዳያልፍ ነው ህጉ። ግን ወረቀት ላይ የተጻፈው ክብደት ውሸት ከሆነ ስሌቱም ውሸት ነው፣ ላኪው ያሳነሰውን ክሬኑ ሲያነሳ ነው የሚታወቀው። ባዶ ኮንቴይነር ደግሞ በተቃራኒው ለነፋስ ሸራ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 ኒው ኦርሊንስ አጠገብ ሁዬ ፒ ሎንግ ድልድይ ላይ የቆመ ባቡር ኃይለኛ ነፋስ መጥቶ ፉርጎዎቹን ከነሳጥናቸው ወደ ታች ሲጥላቸው በቪዲዮ ተቀርጿል፣ ሰው አልተጎዳም እግዚአብሔር ይመስገን። ባቡሩ ረጅም ከሆነና ባዶዎቹ ከፊት ከባዱ ከኋላ ከተቀጠለም ኩርባ ላይ ሲጎተት ቀላሎቹ ወደ ውስጥ ተስበው ከሀዲድ ይወጣሉ፣ ክር ኩርባ ላይ ወጥረህ ስትስበው ቀጥ እንደሚለው ማለት ነው።

ቀጥሎ ማን በማን ላይ የሚለው እንቆቅልሽ ነው፣ ግቢ ውስጥ ያለነውን የሚያጓትተን እሱ ነው። ሁለት ባለ 20 ጫማ ከታች ጫፍ ለጫፍ አስቀምጠህ ባለ 40 ከላይ መጫን ትችላለህ፣ ገልብጠህ 20ዎቹን ከላይ ግን አትችልም፣ ምክንያቱም ባለ 40 መሀሉ ላይ የሚሸከምበት የማዕዘን ብረት የለውም። ባለ 53 ጫማው የአሜሪካ ሳጥን የ40 ልክ ላይ ድጋፍ ስላለው ባለ 40 ላይ ይቀመጣል። በየሳጥኑ አራት ማዕዘን መሀል የሚገባውን ማያያዣ ደግሞ ሰራተኛ ነው በእጁ የሚያስገባውና የሚያወጣው፣ ዝናብም በረዶም ይሁን። አንዱ ቀርቶ ከሆነ ስራው ይቆማል። በዛ ላይ አምስት ዌል ካር ተያይዞ አንድ ፉርጎ የሆነም አለ፣ በመሀላቸው ያለውን ጎማ ሁለት ሁለት ሆነው ይጋሩታል፣ ክብደት ይቀንሳል ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ጎማ ተበላሽቶ ከባቡሩ ከተነጠለ አስር ሳጥን አብሮ ቀረ ማለት ነው። የአስር ሰው እቃ!

ልጁን ያልኩት እንግዲህ፣ «ባቡሩ ገብቷል» የሚለውን እርሳው፣ ሳጥኑ መሬት ወርዷል የሚል ሲመጣ ብቻ ከቤት ውጣ ነው። ማታ መልሶ ደወለ፣ ሳጥኑ ወርዷል ግን ቻሲ፣ ሳጥኑ ተጭኖበት በትራክ የሚጎተተው ባለ ጎማ ብረት፣ የለም ብለውታል። እሱን ሌላ ቀን።