የሲናፕስ መጠንከር ምንድን ነው?

ወሎ ውስጥ ቁርኣን የሚቀራ ደረሳ (ተማሪ) ሎሁ፣ ማለትም የእንጨት ሰሌዳው ላይ የተጻፈለትን አንቀጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመላልሰዋል። በቃሉ ሲይዘው ሎሁ ይታጠብና ሌላ ይጻፍበታል። ቀለሙ ከእንጨቱ ከለቀቀ በኋላ አንቀጹ የት ነው ያለው? የአንጎል ተመራማሪዎች ብዙ ማስረጃ ያሰባሰቡለት መልስ፣ ትውስታ የሚቀመጠው በአንድ ሕዋስ ውስጥ ሳይሆን በሕዋሳት መካከል ባለው ግንኙነት ጥንካሬ ላይ ነው የሚል ነው።

የሰው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። አንዱ ለሌላው መልእክት የሚያቀብልበት ቦታ ሲናፕስ ይባላል። ሁለቱ ሕዋሳት እዚያ አይነካኩም፤ በመካከላቸው የሚሊሜትር 50 ሺህኛ የሚያህል ክፍተት አለ። መልእክቱ እስከ ላኪው ጫፍ በኤሌክትሪክ ይመጣና ክፍተቱን በኬሚካል ይሻገራል። አዲስ ትውስታ በሚያዝበት የአንጎል ክፍል፣ በሂፖካምፐስ፣ ዋናው ኬሚካል ግሉታሜት ነው።

ቁልፉ ያለው በተቀባዩ ሕዋስ ገጽ ላይ ነው። እዚያ ሁለት ዓይነት የግሉታሜት ተቀባዮች፣ ማለትም ግሉታሜት የሚይዛቸው ቀዳዳ ያላቸው ሞለኪውሎች፣ አሉ። አምፓ የሚባለው ግሉታሜት እንደነካው ይከፈትና ሶዲየም ያስገባል። ኤንኤምዲኤ የሚባለው ግን ቀዳዳው እንደ ጠርሙስ በማግኒዥየም ተወትፏል። ግሉታሜት ብቻውን አይከፍተውም፤ ማግኒዥየሙ የሚወጣው ተቀባዩ ሕዋስ ራሱ በደንብ ሲነቃቃ ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ካልሲየም ይገባል። ካልሲየሙ ኢንዛይሞችን ያነሳሳል፣ እነሱም ተጨማሪ የአምፓ ተቀባዮች ወደ ሲናፕሱ እንዲመጡ ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ ያው መጠን ግሉታሜት ከበፊቱ የበለጠ ምላሽ ያስገኛል። የሲናፕስ መጠንከር የሚባለው ይህ ነው። አብረው የሚሠሩ ሕዋሳት ግንኙነታቸው ይጠነክራል የሚለውን ሐሳብ ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዶናልድ ሄብ እ.ኤ.አ. በ1949 ጽፎት ነበር፤ ዘዴው የታወቀው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በሙከራ ያሳዩት ቲም ብሊስ እና ተርየ ሎሞ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ጥናት፣ በማደንዘዣ የተኛች ጥንቸል ሂፖካምፐስ ውስጥ የሚገባውን መስመር በሰከንድ 100 ጊዜ ለ3 ወይም 4 ሰከንድ በኤሌክትሪክ ሲነኩት፣ ምላሹ ከ30 ደቂቃ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ከፍ ብሎ ቆየ። ለጥቂት ሰከንድ የተደረገ ነገር ለሰዓታት መቆየቱ ነው ትልቁ ግኝት።

ለሚያጠና ሰው የሚጠቅመው ደግሞ ቀጥሎ የመጣው ነው። አንድ ዙር ንክኪ ብቻ ከተሰጠ ጥንካሬው ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይከስማል። ሦስት አራት ዙር፣ በየመሀሉ የደቂቃዎች ፋታ እየተሰጠ ከተደገመ ግን መልእክቱ ጂኖቹ እስካሉበት የሕዋሱ ማዕከል፣ እስከ ኒውክለስ፣ ይደርሳል፤ ጂኖች ይነሳሉ፣ አዲስ ፕሮቲን ይሠራል፣ ጥንካሬውም ይዘልቃል። የፕሮቲን ሥራውን በመድኃኒት ሲያግዱት የመጀመሪያው ምላሽ እንዳለ ይታያል፣ የኋለኛው ግን አይመጣም።

እንስሳት ላይ የተለካ ነገር ደረሳ ላይ በቀጥታ አይገለበጥም። ያም ሆኖ አቅጣጫው፣ በሰው ላይ ስለ ጥናት በተደጋጋሚ ከታየው ጋር ይገጥማል፦ በአንድ ቁጭታ ሃያ ጊዜ ከመድገም፣ ያንኑ ሃያ በጧት፣ በማታና በማግስቱ ከፋፍሎ መድገም ይሻላል። የድሮውን ሳይከልሱ በአዲሱ ላይ አዲስ መደራረብ ግን አንቀጾቹን ያደባልቃቸዋል፤ በተለይ የሚመሳሰሉትን። ሙራጀዓን፣ ማለትም የተቀራውን መከለስን፣ የሚያጠብቁ ሸኾች ትክክል ናቸው።

ጥናት ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው በእንቅልፍ ማጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ማቲው ዊልሰን እና ብሩስ ማክኖተን፣ አይጥ ስትንቀሳቀስ አብረው የሠሩ የሂፖካምፐስ ሕዋሳት ስትተኛም አብረው እንደሚሠሩ አሳይተዋል። ለፈተና ብሎ ጫት ይዞ የሚያድር ተማሪ ንቃት ያገኛል፤ የቀን ትምህርቱ የሚደላደልበትን ሌሊት ግን ያጣል።

ሲናፕስ ይዳከማልም። ቀስ ያለና ደካማ ንክኪ በጥቂቱ ካልሲየም ሲያስገባ የአምፓ ተቀባዮች ይቀነሳሉ። ይህም ጤነኛ አንጎል የሚሠራው ሥራ ነው፤ ያልተከለሰ አንቀጽ የጠፋበት ልጅ አእምሮው ደካማ ነው ተብሎ ሊገረፍ አይገባም።