ማሽኑ ያሳየኝን ካሎሪ መልሼ ልብላው?

ካሎሪ እየቆጠረ ክብደት የሚቀንስ ሰው አንድ ቀን እዚህ ጥያቄ ላይ መድረሱ አይቀርም። ትሬድሚሉ (የመሮጫ ማሽኑ) «300 አቃጥለሃል» አለ፤ ታዲያ 300 ጨምሬ ልብላ?

መልሱን የቀን ኮታህ (በቀን እንድትበላ የተመደበልህ ካሎሪ) እንዴት እንደተሰላ ይወስነዋል። ካሎሪ የምትቆጥርበት አፕ መጀመሪያ ላይ «በሳምንት ስንት ቀን ስፖርት ትሠራለህ?» ብሎህ 4 ቀን ካልክ፣ ስፖርቱ ገና ድሮ ኮታው ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ ከጂም መልስ «አቃጥዬዋለሁ» ብለህ ስትጨምር አንዱን ነገር ሁለቴ እየቆጠርክ ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚች ጋ ነው (እኔም ጭምር)።

ኮታው የተሰላው ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ ሰው ከሆነ ግን መጨመር ይቻላል። ሙሉውን ግን አይደለም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ዝም ብሎ ቢቀመጥም በሰዓት ወደ 70 ካሎሪ ያቃጥላል። ግማሽ ሰዓት ተራምዶ ማሽኑ 120 ቢለው፣ 35ቱ ሶፋ ላይ ተጋድሞም የማይቀርለት ነው። የማሽኑ ቁጥር ራሱ ግምት ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ያጋንናል።

እኔ ግማሹን ብቻ እበላለሁ። ሁለት ሦስት ሳምንት ሚዛኑን አይቼ፣ ካልወረደ እቀንሳለሁ፤ በጣም ከፈጠነ ወይም ልምምዱ ላይ ጉልበት ካጣሁ እጨምራለሁ።