የስቴም ሴል ንቅለ ተከላ፦ የለጋሽ ዘረመልና የቫይረስ ሥጋት

የስቴም ሴል ንቅለ ተከላ (ብዙ ሰው የሚያውቀው የመቅኔ ንቅለ ተከላ በሚለው ስም ነው) የታመመ መቅኔን በጤነኛ ሰው ስቴም ሴል፣ ማለትም ደም በሚያመርት እናት ሴል፣ የመተካት ሕክምና ነው። በብዛት የሚሰጠው ለደም ካንሰር ነው። ታካሚው መጀመሪያ ጠንካራ ኬሞቴራፒ፣ አንዳንዴም ጨረር ይወስዳል። ከዚያ የለጋሹ ሴል ልክ እንደ ደም በደም ሥር ይሰጠዋል። ሴሉ ራሱ መንገዱን አግኝቶ መቅኔ ውስጥ ይቀመጣል፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ደም ማምረት ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ በሽታን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎች የለጋሹን ጂን የያዙ ናቸው። ቫይረስ ሲነሳ የሚዋጋው እንግዲህ የሌላ ሰው ዘረመል ነው ማለት ይቻላል።

የሕክምናው ታሪክ በአመዛኙ የአሜሪካዋ ከተማ የሲያትል ታሪክ ነው። ዶክተር ዶናል ቶማስ ኒውዮርክ ግዛት ኩፐርስታውን ሳሉ በ6 ታካሚዎች ላይ ያደረጉትን ሙከራ በ1957 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሳተሙ። ስድስቱም አልተረፉም። ብዙ ሐኪሞች ነገሩን እርግፍ አድርገው ተዉት። ቶማስ ግን ውሾች ላይ መሞከራቸውን ቀጠሉ፤ በ1963 ወደ ሲያትል ሄዱ። ባለቤታቸው ዶቲ ከላብራቶሪ እስከ ጽሑፍ ዝግጅት ድረስ ከጎናቸው አልተለዩም። በ1975 እዚያው የፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ማዕከል ተከፈተ። ስሙ በ1964 በካንሰር የሞተ የቤዝቦል ተጫዋችና አሠልጣኝ ስም ነው፤ ያቋቋሙት ደግሞ ወንድሙ፣ ቀዶ ሐኪሙ ቢል ሃቺንሰን ናቸው። ቶማስ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ይገባቸዋልም።

ንቅለ ተከላው ከተሳካ በኋላ ሰው የሚገድለው ብዙ ጊዜ ሳይቶሜጋሎቫይረስ፣ ባጭሩ ሲኤምቪ ነበር። በአፍሪካ አብዛኛው አዋቂ ይህ ቫይረስ አለበት፤ ጤነኛ ሰው ግን አያውቀውም። የሰውነት መከላከያ ሲደክም ተደብቆ የኖረው ቫይረስ ይቀሰቀስና ሳንባ ይመታል። በ1980ዎቹ የሲኤምቪ የሳንባ ምች ከያዛቸው ታካሚዎች የሚተርፉት ጥቂቶች ነበሩ። በ1991 ጋንሲክሎቪር የተባለው ፀረ ቫይረስ መድኃኒት አስቀድሞ ሲሰጥ ሕይወት እንደሚያድን የሲያትል ሐኪሞች አሳዩ። በ2017 ሌተርሞቪር የተባለው መከላከያ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ።

ለጋሽ ሲመረጥ ከኤችኤልኤ ጂኖች (ሰውነት የራሱን ሴል ከባዕድ የሚለይባቸው ናቸው) መዛመድ ጋር ሲኤምቪም ይመረመራል። እዚህ ላይ ነገሩ ከኩላሊት ንቅለ ተከላ ይገለበጣል። በኩላሊት የሚያሠጋው ቫይረሱ ካለበት ለጋሽ ወደሌለበት ታካሚ ሲሄድ ነው። በስቴም ሴል ግን ይበልጥ የሚያሠጋው ታካሚው ቫይረሱ ኖሮበት ለጋሹ ከሌለበት ነው፤ የለጋሹ ሴሎች ያን ቫይረስ አይተውት አያውቁምና።

ቀጥሎ ኪር የሚባሉት ጂኖች አሉ። ኤንኬ የተባሉትን፣ ቫይረስ የያዘውን ሴል የሚገድሉ ነጭ የደም ሴሎች የሚያነሳሱና የሚገቱ ናቸው። ኤችኤልኤ የሚገኘው በ6ኛው ክሮሞሶም፣ ኪር ደግሞ በ19ኛው ላይ ነው። ስለዚህ በኤችኤልኤ ፍጹም የሚገጥሙ እህትና ወንድም በኪር ሊለያዩ ይችላሉ። በ2006 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት የሚያነሳሱ ኪር ጂኖች ከበዙለት ለጋሽ የወሰዱ ታካሚዎች ሲኤምቪ ያነሰ ተቀስቅሶባቸዋል ብሏል። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ሁሉ ግን በዚህ አይስማሙም።

በጣም የታወቀው ታሪክ የበርሊን ነው። ቲመሲ ሬይ ብራውን ኤችአይቪም የደም ካንሰርም ነበረበት። ሐኪሙ ጌሮ ሁተር ከአባትም ከእናትም የተበላሸ ሲሲአር5 ጂን የወረሰ ለጋሽ ፈለገለት። ኤችአይቪ ወደ ሴል የሚገባው ብዙውን ጊዜ በዚህ ጂን በሚሠራው በር ነው። ብራውን በ2007 እና በ2008 ንቅለ ተከላ ተደርጎለት ከኤችአይቪ ነጻ ሆነ። በ2020 የሞተው በተመለሰው ካንሰር ነው። ፈውሱ ያለጥርጥር የጂኑ ነው ተብሎ ቆይቶ ነበር። በ2023 ግን የጄኔቫ ሐኪሞች ይህ ለውጥ ከሌለው ለጋሽ የወሰደ ታካሚም መድኃኒት አቁሞ ቫይረሱ እንዳልተመለሰበት ተናገሩ። አዲሶቹ ሴሎች አሮጌዎቹን ሲያጠፉ ቫይረሱንም አብረው ይጠርጉት ይሆናል።

ይህ ሁሉ ምርጫ የሚኖረው ግን ለጋሽ ሲገኝ ነው። እህት ወይም ወንድም የመግጠም ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የለጋሾች መዝገብ እንደሚለው ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ለጋሽ የማግኘት ዕድል ለነጮች 79 በመቶ፣ ለጥቁሮች 29 በመቶ ነው። እዚያ ያለው ሐበሻም የሚቆጠረው ከኋለኞቹ ነው። መመዝገብ ቀላል ነው፤ ጉንጭን በጥጥ መጥረግ ብቻ። ዛሬ በግማሽ የሚገጥም እናት፣ አባት ወይም ልጅም ለጋሽ መሆን ይችላል።