ፓዬይክ፦ በርማ ውስጥ ቤትና ሰው የሚጠብቅ ድጋም

በርማ (ማይናማር) ውስጥ አዲስ ቤት የሚገባ ሰው የቡድሃ እምነት መነኮሳትን ይጠራል። ሱቅ የሚከፍትም ይጠራል፤ ሰው የታመመበትም እንዲሁ። መነኮሳቱ መጥተው የሚደግሙት ፓዬይክ ይባላል። ቃሉ የመጣው ከፓሊው፣ ከጥንታዊው የቡድሃ መጻሕፍት ቋንቋ፣ «ፓሪታ» ነው፤ ጥበቃ ማለት ነው። ድጋሙም በፓሊ ነው። ተራው ሰው ቋንቋውን አይናገረውም፤ ግን ከልጅነቱ ስለሚሰማው ጆሮው ለምዶታል።

ዋናው ስብስብ 11 ሱታዎች፣ ማለትም ቅዱስ ንባቦች አሉት። ለየችግሩ የየራሱ አለ። ካንዳ ሱታ ለእባብ ነው። የሚገርመው እባቡን አይራገመውም። እግር የሌላቸውን እወዳለሁ፣ ባለ ሁለት እግሮቹን እወዳለሁ እያለ እስከ ባለ ብዙ እግሮቹ ይቆጥራል፤ ከዚያ እንዳይጎዱት ይለምናል። ራታና ሱታ ደግሞ የወረርሽኝ ነው። ቬሳሊ የምትባለው ከተማ ረሃብና በሽታ ሲወርድባት፣ የቡድሃ ደቀ መዝሙር አናንዳ እየደገመ፣ ከቡድሃ ሳህን ውሃ እየረጨ ዞራት ይባላል።

እኔን የሚመስጠኝ የምጡ ነው። አንጉሊማላ የሰው ጣት ቆርጦ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል ሽፍታ ነበር። በኋላ መነኮሰ። አንድ ቀን ምጥ የጠናባት ሴት አይቶ አዘነ። ቡድሃም «ከተወለድኩ ጀምሮ አውቄ ሕይወት አላጠፋሁም፤ በዚህ እውነት ደህና ሁኚ በላት» አለው። ሰውዬው ደነገጠ፤ ውሸት ሊሆንበት ነው። ያኔ ቃሉ ተስተካከለ፦ «በክቡር ልደት ከተወለድኩ ጀምሮ»። ከመነኮሰ ወዲህ ማለት ነው። ሴትዮዋ ተገላገለች፤ ንባቡም እስከ ዛሬ ለወላድ ይደገማል። ኃይሉ ያለው እውነት በመናገሩ ላይ ነው።

ታዲያ ሁልጊዜ ይሠራል? ይህ ጥያቄ ጥንትም ተነስቷል። ንጉሥ ሚሊንዳ፣ ከሞት ማምለጥ ከሌለ ፓሪታ ምን ይረባል ብሎ መነኩሴውን ናጋሴናን ሞግቶታል። መልሱ፦ የሚረዳው ዕድሜ የቀረለትን ነው፤ ቀድሞ የተሠራ ክፉ ሥራ፣ የልብ እድፍና እምነት ማጣት ያግዱታል።

ሜታ ሱታ፣ የፍቅሩ ንባብ፣ ጎዳና ላይም ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 ወታደራዊው መንግሥት ነዳጅ አስወድዶ ሕዝቡ ሲቆጣ፣ በመስከረም መነኮሳት በባዶ እግራቸው ያንጎን ውስጥ እሱን እየደገሙ ተሰልፈዋል። ከወታደሮቹም ምጽዋት አንቀበልም ብለው ሳህናቸውን ደፍተው ነበር።

በሚያዝያ፣ የውሃ መራጨቱ በዓል ቲንጃን ሲያልፍና አዲሱ ዓመት ሲገባ፣ ሰፈር በሙሉ ይሰበሰባል። መንገድ ዳር ዳስ ይጣላል። ጎረቤት ሁሉ ውሃ፣ አሸዋና ክር ይዞ ይመጣል፤ ድጋሙ እስኪያልቅ መነኮሳቱ ፊት ይቀመጣል። ድምፅ ማጉያውም ይከፈታል፤ እንቅልፍ የፈለገ ሰው ሌላ ሰፈር ይሂድ እንግዲህ። ሲጨረስ ውሃው ይጠጣል፣ ይረጫል። ክሩ እጅ ላይ ይታሰራል። አሸዋው ቤት ተወስዶ ግቢው ዙሪያ ይበተናል።