ሐላል ፍለጋ የማያደክምባት ሐይደራባድ

ወደ ህንድ ለሽርሽር የሚሄድ ሙስሊም ቤተሰብ ሻንጣ ሳያዘጋጅ የሚያነሳው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «እዚያ ምን እንበላለን?» ለብዙ የህንድ ከተሞች ተገቢ ጥያቄ ነው። ሐይደራባድ ላይ ግን ብዙም አያስጨንቅም። በተለይ አሮጌው ከተማ ውስጥ ሥጋ ቤቱም፣ ምግብ ቤቱም፣ መንገድ ዳር ቆሞ ጥብስ የሚሸጠውም አብዛኛው ሙስሊም ነው። እዚህ የሚያስቸግረው ምግቡ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። የትኛው ቦታ በየትኛው ቀን እንደሚዘጋ፣ ፀሐዩ መቼ እንደሚከር፣ የአስር (የከሰዓት በኋላው ሶላት) አዛን ለምን እንደሚዘገይ ያወቀ ሰው ጉዞው ይቀለዋል።

ሐይደራባድ በደቡብ ህንድ የቴላንጋና ግዛት ዋና ከተማ ናት። የቆረቆራት የቁጥብ ሻሂ ሥርወ መንግሥት አምስተኛው ሱልጣን ሙሐመድ ቁሊ ቁጥብ ሻህ ነው፤ ዘመኑ 1591። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሱልጣኖቹ ከዚያ በፊት ጎልኮንዳ በሚባለው ኮረብታማ ምሽግ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ቦታው ሲጠባቸውና ውሃው ሲያጥራቸው የሙሲን ወንዝ ተሻግረው አዲስ ከተማ መሠረቱ። መሃሉ ላይ ቻርሚናር የሚባለውን ሕንፃ አቆሙ። ስሙ «አራት ሚናሬት» ማለት ነው። ለምን እንደተሠራ ሁለት ታሪክ ይነገራል። አንዱ የወረርሽኝ መጥፋትን ለማመስገን ነው ይላል። ሌላው በሂጅራ አቆጣጠር 1000ኛው ዓመት በመግባቱ ነው ይላል፤ 1591 ላይ በእርግጥም 1000 ሂጅሪ ገብቷል። እኔ ሁለተኛው ያሳምነኛል፣ የከተማው አስጎብኚዎች ግን የወረርሽኙን ይወዳሉ።

በ1687 የሙጋሉ ንጉሥ አውራንግዜብ ጎልኮንዳን ከበባ አድርጎ ያዘ። ከ1724 ጀምሮ ደግሞ ኒዛም የሚባሉት ገዢዎች ተነሱና እስከ 1948 ቆዩ። የመጨረሻውና ሰባተኛው ኒዛም ሚር ኦስማን አሊ ኻን በ1937 በታይም መጽሔት ሽፋን ላይ ወጥቶ ነበር፣ የዓለም ቁጥር አንድ ሀብታም ተብሎ።

ከመነሳት በፊት ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው አንድ ነገር ልብ ይባል። ህንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። ካርድ የሌለው መንገደኛ እስከ 6 ቀን ተነጥሎ ሊቆይ ይችላል፤ የሽርሽሩ ዕረፍት እዚያው አለቀ ማለት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2025 ከአዲስ አበባ ወደ ሐይደራባድ ቀጥታ በረራ ጀምሯል። ከዱባይ፣ ከጅዳና ከዶሃ ለሚነሳም በረራ ሞልቷል፤ ከተማው ብዙ ልጆቹን ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የላከ ነው። ሆቴል ሲያዝ የውጭ አገር ዜጋ ይቀበሉ እንደሆነ መጠየቅ ይበጃል። ሆቴሎች የውጭ እንግዳን ለመንግሥት ማስመዝገብ ስላለባቸው፣ አንዳንድ ርካሾቹ ጣጣውን ፈርተው «ክፍል የለም» ይላሉ።

ወቅቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ነው የሚመረጠው። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በዚያ ሙቀት ጎልኮንዳን መውጣት ቅጣት ነው።

ሆቴል ገብቶ ለሶላት የሚቆም ሐበሻ ከልማዱ የተነሳ ይሳሳታል። እኛ አገር ቂብላ (ለሶላት የሚዞሩበት የመካ አቅጣጫ) ወደ ሰሜን ነው። ሐይደራባድ ላይ ወደ ምዕራብ ነው፣ ትንሽ ወደ ሰሜን ያዘነበለ። ሌላው የአስር ጉዳይ ነው። የከተማው ሱኒዎች በአብዛኛው የሐነፊ መዝሀብ (የሸሪዓ ሕግ አረዳድ ፈለግ) ተከታዮች ስለሆኑ የአስር አዛን በሻፊዒ መዝሀብ ላደገ ሰው የዘገየ ይመስለዋል። አልተረሳም፣ ሰዓቱ ነው። ለሴቶች የተለየ መስገጃ የሌላቸው መስጂዶችም ብዙ ናቸው። ከእናትና ከእህት ጋር የሚሄድ ሰው ለሶላት መመለስ እንዲመች ሆቴሉን ከሚጎበኛቸው ቦታዎች አቅራቢያ ቢያደርግ ይሻላል።

አሁን ወደ አርብ። አርብ ቀን የሳላር ጁንግ ሙዚየምና የቾውመሐላ ቤተ መንግሥት ዝግ ናቸው። ሐሙስ ማታ ደርሶ እሁድ የሚመለስ መንገደኛ ይህን ካላወቀ ከሦስት ቀኑ አንዱን ያቃጥላል። ስለዚህ አርብ ለመካ መስጂድ ይተው። መስጂዱ ከቻርሚናር የጥቂት ደቂቃ እርምጃ ነው። ግንባታውን የቁጥብ ሻሂ ሱልጣኖች ጀመሩት፤ አውራንግዜብ ደግሞ በ1694 አስጨረሰው። ለመካከለኛው ቅስት የተሠራበት ጡብ ከመካ በመጣ አፈር የተቦካ ነው ይባላል፣ ስሙም ከዚያ መጣ። ግቢው ውስጥ የብዙዎቹ ኒዛሞች መቃብሮች ተሰልፈዋል። ከውጭ ርግቦች መሬቱን ሸፍነው እህል ይለቅማሉ፣ ልጆች ሲሮጡባቸው አንድ ላይ ብር ይላሉ። ለጁምዓ የሚሄድ ሰው ቀደም ብሎ ይግባ። ከሶላቱ በኋላ መንገዱ እንደ መርካቶ የበዓል ዋዜማ ነው።

ሳላር ጁንግ ሌላ ቀን ይሁን፤ ግን በደንብ ይታይ። የሰባተኛው ኒዛም ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሦስተኛው ሳላር ጁንግ ያላገባ ሰው ነበር። ዕድሜውንና ገንዘቡን ዕቃ በመሰብሰብ ጨረሰ። ሙዚየሙ በ1951 ተከፈተ። ውስጡ ከእብነ በረድ የተቀረጸች ሪቤካ አለች፤ ጣሊያናዊው ቤንዞኒ ነው የቀረጻት። ፊቷ ላይ የጣለችው ስስ መሸፈኛም ያው ድንጋይ ነው፣ ግን አፍንጫና ከንፈሯ በውስጡ ያልፋል። ሰው ግን ከእሷ ይልቅ የሚሰበሰበው ሰዓቱ ጋ ነው። በእኛ 6 ሰዓት፣ በእነሱ 12 ሲሆን አዳራሹ በሰው ይሞላል። ትንሽ ጢማም አሻንጉሊት በር ከፍቶ ይወጣል፣ ደወሉን 12 ጊዜ ይመታል፣ ተመልሶ ይገባል። ሁሉም ስልኩን አንስቶ ይቀርጻል። በቃ ይኸው ነው፤ ግን አያመልጥ።

ጎልኮንዳ ከቻርሚናር ወደ ምዕራብ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሜትሮ ባቡር አይደርስም፤ ባጃጅ ይደርሳል። እነሱ «አውቶ» ይሉታል፤ ባጃጅ የፋብሪካው ስም እንደሆነ ያወቁት እነሱ ናቸው። ምሽጉ መግቢያ ካለው ጉልላት ስር ቆሞ አንዱ ያጨበጭባል። ድምፁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አናቱ ላይ ባለው አዳራሽ ይሰማል። ጠላት ሲመጣ ማስጠንቀቂያ ነበር። ወደ አናቱ መውጫው በመቶዎች የሚቆጠር ደረጃ ስለሆነ በማለዳ ይወጣ። የአካባቢው አልማዝ ከዚህ ገበያ ነበር የሚሸጠው፤ ኮሒኑር የሚባለው ዝነኛ አልማዝም ከዚሁ ግዛት እንደወጣ ይታመናል። ለቅርሶቹ የውጭ ዜጋ የሚከፍለው ከህንዳዊው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መከራከር ዋጋ የለውም።

ወደ ምግቡ እንምጣ። «መተን» ሲባል በሐይደራባድ ፍየል ማለት ነው። የበግ ሥጋ ነው ብሎ አዝዞ የሚገረም አለ። «በዴ ካ» ካሉ የጎሽ ሥጋ ነው፣ ቃል በቃል «የትልቁ»። ላም ማረድ በሕግ የተገደበ ስለሆነ የበሬ ሥጋ መፈለግ አያስፈልግም። ብርያኒው «ከቺ» የሚባለው ነው። ጥሬው ሥጋ በእርጎና በቅመም ታሽቶ ድስት ስር ይተኛል፣ ግማሽ የበሰለው ሩዝ ከላይ ይደረባል፣ ክዳኑ በሊጥ ይታሸጋል። እንፋሎቱ መውጫ ስለሌለው ሥጋውም ሩዙም እኩል ይበስላሉ። ጥሩ ቤት ሲገባ የሩዙ ቀለም አንድ አይነት አይደለም፤ ነጭ፣ ብጫና ቡናማ ተቀላቅሎ ይቀርባል። አንድ ሰሃን ለሁለት ይበቃል።

ረመዳን ላይ የሄደ ሰው ግን ብርያኒን ይረሳል፤ ወሬው ሁሉ ሐሊም ነው። ሐሊም ስንዴ፣ የፍየል ሥጋ፣ ምስርና ቅቤ ያለበት ነገር ነው፤ መልኩ ወፍራም አጥሚት ይመስላል። በጡብ በተሠራ ምድጃ ውስጥ የመዳብ ድስት ተቀብሮ በእንጨት እሳት ላይ ለመብሰል እስከ 12 ሰዓታት ይፈጅበታል። ሁለት ጎልማሶች ፊት ለፊት ቆመው ቁመታቸውን የሚያህል የእንጨት መውቀጫ ይዘው ይወቅጡታል። ላባቸውን በትከሻቸው ፎጣ እየጠረጉ፣ አንዱ ሲያነሳ ሌላው ያወርዳል። ሥጋና ስንዴ መለየት እስከማይቻል ድረስ አይቆሙም። ከላይ የተጠበሰ ሽንኩርት፣ ሎሚና ድንብላል ይደረግበታል። በ2010 የሐይደራባድ ሐሊም የቦታ ስም ጥበቃ ምዝገባ አገኘ፤ ከህንድ የሥጋ ምግቦች የመጀመሪያው ነው። በጾሙ ወር ቀን ቀን አሮጌው ከተማ ጭር ይላል፣ ከመግሪብ በኋላ ግን በቻርሚናር ዙሪያ ያለው ገበያ እስከ ሱሁር አይተኛም።

ሻይ «ኢራኒ» ነው የሚባለው፣ ከፋርስ የመጡ ሰዎች ከከፈቷቸው ሻይ ቤቶች የቀረ። ወተቱ ለብቻው ቀስ ብሎ ይወፍራል፣ ሻይ ቅጠሉ ለብቻው ይፈላል። ብርጭቆ ላይ ይገናኛሉ። አጠገቡ ኦስማኒያ ብስኩት ይቀመጣል፤ ስሙ ከሰባተኛው ኒዛም ነው። ጨውም ስኳርም ይላል።

አዲሱ ከተማ፣ ማለትም ባንጃራ ሂልስና ሃይቴክ ሲቲ፣ ነገሩ ይለያል። እዚያ ትልልቅ ሆቴሎች መጠጥ ይሸጣሉ፣ ሥጋውም ከየት እንደመጣ መጠየቅ ግድ ይላል። «ሐላል ሃይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ አስተናጋጁ በየቀኑ ይሰማዋል። በር ላይ «ባር ኤንድ ሬስቶራንት» ከተጻፈ ማለፍ ነው። ካልጣመ ደግሞ «ፒዩር ቬጅ» የሚል ቤት ይገባል፤ ሥጋ የሚባል አይገባበትም። የታሸገ ምግብ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ካለ ሥጋ የለበትም ማለት ነው። እንጀራ የናፈቀው ሰው ዶሳ ይዘዝ። የሩዝና የምስር ሊጥ ቦክቶ በምጣድ ይጋገራል፤ ቀጭንና ኮምጠጥ ያለ ነው። እንጀራ አይደለም፣ ግን ያስታግሳል።

ግዢ የላድ ባዛር ነው፤ ከቻርሚናር ስር ይጀምራል። የእጅ አምባሩ የሚሠራው ላክ ከሚባል ከነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ ነው። ሠሪው ሙጫውን ፍም ላይ እያሞቀ በመዳፉ ይድጠዋል፣ እንደ ገመድ ያረዝመዋል፣ ቀለበት አድርጎ ያጋጥመዋል። ሳይቀዘቅዝ ባለቀለም መስታወት ነቁጦችን በወረንጦ አንድ በአንድ ይተክልበታል። ሲቀዘቅዝ አይወልቁም። ዋጋ ላይ መከራከር ይጠበቃል። የማይፈልጉትን «ነኮ» ይሏል፣ በከተማው ኡርዱ «አይ» ማለት ነው። ይህችን አንድ ቃል የያዘ ሰው ግማሹን ዋጋ አወረደ።

ለእኛ የተለየ ስሜት የሚሰጥ ነገር ደግሞ አለ። ሐይደራባድ ውስጥ ሐብሺጉዳ የሚባል ሰፈር አለ፤ በስሙ የሜትሮ ጣቢያም ተሰይሟል። ስሙ ለኒዛሙ ካገለገሉ ሐበሾች የመጣ ነው ይባላል። ኤሲ ጋርድስ የሚባለው ሰፈር ደግሞ የአፍሪካ ፈረሰኛ ዘበኞች ማለት ነው፤ የኒዛሙ የክብር ዘብ ነበሩ። ዘሮቻቸው ዛሬም እዚያ ይኖራሉ። ሠርግ ላይ የሚመታው «ማርፋ» የሚባለው ከበሮ ከእነሱና ከየመን ሐድራሚዎች የተወረሰ ነው። ሐይደራባዳዊ ሁሉ፣ ሂንዱውም ሙስሊሙም፣ ለሙሽራ ማርፋ ያስመታል።

ሐድራሚዎቹ ያሉት ባርካስ ነው። ስሙ «ባራክስ» ከሚለው የጦር ሰፈር ቃል ተጣሞ የቀረ ነው፤ አባቶቻቸው የኒዛሙ ወታደሮች ነበሩ። ሉንጊ (ሽርጥ) የለበሱ ሽማግሌዎች መንገድ ዳር ተቀምጠው ይጫወታሉ፣ ሻጮች ዘይቱን ቆልለው ይሸጣሉ፤ የባርካስ ዘይቱን በከተማው የታወቀ ነው። መዝሀባቸው ሻፊዒ ስለሆነ አስር የሚሰገደው ቀደም ብሎ ነው፣ እንደ ለመድነው። መንዲ (የየመን ሥጋና ሩዝ) የሚሸጡት ብዙዎቹ ቤቶች ውስጥ ወንበር የለም። ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ አራት አምስት ሰው ከአንድ ትሪ ይበላል። የመጨረሻው ምሽት እዚህ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሰፈሩ በሻምሻባድ አየር ማረፊያ በኩል ስለሆነ ሻንጣው መኪና ውስጥ እያለ እራት ይደርሳል።